ያልተነፋ ስም

በናባንጎ ወንድ ልጅ ሁለት ስም አለው። የመጀመሪያውን እናቱ ታወጣለታለች። ሁለተኛውን እኩዮቹ ያወጡለታል፤ እሱን አፍ አይጠራውም፣ ዊያ ነው የምትጠራው። ዊያ ከስንዝር የማትበልጥ፣ ሦስት ቀዳዳ ያላት፣ ከጠንካራ እንጨት የምትቀረጽ መንፊያ ናት። የእኛ ቋንቋ ድምፁን ከፍና ዝቅ ካላደረጉለት ትርጉሙ ስለሚጠፋ፣ ዊያ ቃሉን ትታ ከፍታና ዝቅታውን ብቻ ታወጣዋለች፤ ጆሮ ያለው ሰው ቀሪውን ይሞላል። አንዱ «ጉንዳን ሸክሙን አይቆጥርም» ይባላል። ሌላው «የእናቴ ጎተራ ዘንድሮም አልጎደለም» ነው። የመንደራችን ሹም የወንድም ልጅ፣ ያ ሰነፉ፣ «ጥላው ደረሰ፣ እሱስ የት ቀረ?» ይባላል። ስሙን አይወደውም፤ ግን ማን ጠይቆት።

ስሙ የሚጠራው በደቦ ቀን ነው። ዝናቡ ማሽላውን ከጉልበት በላይ ሲያደርሰው ወንዶቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ወገባቸውን አጥፈው፣ የአንዱን ማሳ ይኮተኩታሉ። ሽማግሌው አዱዋ ዶማ አይዝም። ከኋላቸው እየተራመደ ዊያውን ይነፋል፤ ከመስመሩ ጫፍ ጀምሮ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል። የተጠራው ሰው ዶማውን ወደ ላይ አንስቶ «ሆይ!» ይልና እንደ አዲስ ይቆፍራል። ወገቡን የቆረጠው ሰው እንኳ ስሙን ሲሰማ ወገብ እንዳለው ይረሳል።

አዱዋ አቻና የሚባለው ሰው ጋ ሲደርስ ዊያውን ከአፉ ያነሳል። በመዳፉ ጠረግ ያደርጋታል፣ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያ ቀጣዩን ሰው ይጠራል። ነገሩ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፤ ከመስመሩ ውስጥ ልብ የሚለውም የለም። አቻና ግን ያችን ትንፋሽ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ እየፈራ ይጠብቃታል። ካለፈች በኋላ አቀርቅሮ አረሙን የአባቱን ገዳይ ያገኘ ይመስል ይቀጠቅጠዋል።

እውነቱን ለመናገር ስሙን ያጣው በገዛ እግሩ ነው። እኩዮቹ በሹሙ ማሳ ላይ ተሰልፈው ስም በወጣላቸው ክረምት፣ እሱ በጭነት መኪና ላይ ተኮራምቶ ወደ አይቮሪኮስት የካካዎ እርሻ ይጓዝ ነበር። «ትንሽ ሠርቼ ብስክሌት ገዝቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር የሄደው። የተመለሰው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ብስክሌቱም የለ። እዚያ ያገባት ሚስቱ እዚያው ተቀበረች፣ ልጅ አልሰጣቸውም፣ በመጨረሻም ጦርነቱ መጣና «የውጭ ሰው ይውጣልን» ተባለ። አንድ ሬዲዮና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ሲገባ ታላቅ ወንድሙ ሞቶ ጠበቀው። የወንድሙ ሚስት ካዌ በግቢው ዳር ያለችውን ክብ ቤት ጠርጋ ሰጠችው። ገንፎውን ከነወጡ በየቀኑ ትልክለታለች። ካዌ ደግ ሴት ናት፤ ምላሷ ብቻ ነው ከደግነቷ ቀድሞ የሚደርሰው።

እኩዮቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ጋና ገብተው ቀርተዋል። ስም የሚያወጣለት አልነበረም ማለት ነው። ነገሩ የደቦ ቀን ንዴት ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ግን በናባንጎ ሰው ሲሞት፣ አፈር ከመልበሱ በፊት ዊያ ስሙን ትነፋለታለች፤ የቀደሙት አባቶች ማን እየመጣባቸው እንደሆነ አውቀው በር እንዲከፍቱለት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስም የሌለውስ የት ይውላል? አቻና አያቱ በር ላይ ቆመው «ማን ልበል?» ሲሉት፣ እሱም አፉን ከፍቶ መልስ ሲያጣ በሕልሙ አይቷል። ነቅቶም ሕልሙ አልለቀቀውም።

አንድ ቀን አዱዋን ከበራፉ ላይ፣ ዊያውን በቅቤ ሲወለውል አገኘው። እጁን በእጁ ይዞ በርከክ አለና ሰላምታውን አደረሰ።

«አባቴ፣ ስም ይስጡኝ።»

አዱዋ ቀና አላለም። «ስም ልመና ነው እንዴ? እኔ የተሰጠውን እነፋለሁ እንጂ አልሰጥም። እኩዮችህ የት አሉ?»

«የሉም።»

«እኔም አውቃለሁ የሉም። እንዲያው መጠየቄ ነው።» ዊያውን ወደ ብርሃን አንስቶ በቀዳዳዋ አየ። «ለመሆኑ ብትጠራስ ትሰማለህ? ጆሮህ በሰው አገር ቋንቋ ሞልቶ የለ? መጀመሪያ መስማት ተማር።»

አዱዋ ይህን ያለው ሰውየውን ከደጁ ለማንሳት ነበር። አቻና ግን እንደ ትእዛዝ ቆጠረው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ፖ ከተማ ወርዶ ከአንድ ቀራጭ ዊያ ገዛ፤ ከአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመለስ መንገዱ ሁሉ አጠረለት።

ዊያ ለመያዝ ቀላል ናት፤ ለመንፋት ግን የሰውን ትዕቢት የምታበርድ ፍጥረት ናት። ከላይ ያለውን ስንጥቅ ታችኛው ከንፈር ላይ አስደግፈህ ትንፋሽህን በስሱ ታሳልፍባታለህ። ብዙ ስትተነፍስ ትቆጣለች፣ ትንሽ ስትተነፍስ ትተኛለች። የአቻና ጣቶች ደግሞ የካካዎ መቁረጫ ገጀራ ለዓመታት ያጠነከራቸው ስለነበሩ ቀዳዳዎቹን አይደፍኑም፤ አየሩ በጎን ሾልኮ ይወጣል። ጠዋት ማታ ጣቶቹን ከሺያ ዛፍ ፍሬ በሚወጣ ቅቤ ማሸት ጀመረ።

«ምነው፣ ሙሽራ ሆንክ እንዴ?» አለችው ካዌ፤ ግድግዳዋን በቀይ አፈር እየለቀለቀች። «ጅግሮቼ እንቁላል መጣል አቆሙ። ያን ነገር ስትነፋ ጭልፊት የመጣ መስሏቸው ከጎተራው ስር አይወጡም!»

«ይለምዱታል።»

«እነሱስ ይለምዱታል። እኔ ነኝ የማልለምደው።»

ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ተስፋ ቆርጦ ሊያስቀምጣት ሲል፣ ድምፁ ወጣ። ንጹሕ፣ ቀጭን፣ ከራሱ የበለጠ እርግጠኛ የሆነ ድምፅ። አቻና ደንግጦ ዊያዋን ከአፉ አነሳና አያት። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ወጣ። ብቻውን ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ሆኖ የሳቀው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የለመደው ስም «ጉንዳን ሸክሙን አይቆጥርም» የሚለውን ነበር፣ አጭር ስለሆነ። ባለስሙ ወፍራሙ ሰው የማገዶ እንጨት ተሸክሞ በጎረቤት መንገድ ሲያልፍ፣ አቻና ከግንቡ ኋላ ሆኖ ነፋው። ሰውየው ሳያስብ እንጨቱን ወደ ላይ ብድግ አድርጎ «ሆይ!» አለና እርምጃውን ጨመረ። ማን እንደጠራው እንኳ አልዞረም። አቻና ከግንቡ ኋላ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ይመታ ነበር። ጠራው፣ መለሰለት! ይህን የመሰለ ደስታ በዓለም ላይ እንዳለ ማንም አልነገረውም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዷ ዊያ አልበቃችውም። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ያውቀዋል፤ አንዷ በእጁ እያለች ዓይኑ ሌላዋን ይፈልጋል። አንጥረኛው ቤት አንዲት አሮጌ ዊያ ለፍየል ማሰሪያ ካስማ ሆና አገኛት፤ ለአንጥረኛው ሌላ ካስማ ጠርቦ ሰጥቶ ወሰዳት። ጭስ ያጠቆራት፣ ድምፅዋ እንደ ርግብ የሚያጉረመርም አንዲት ነበረች፤ ለእሷ ሬዲዮውን ሰጠ። ካዌ ራሷን ይዛ ጮኸች። ሬዲዮው ግን የአቢጃንን ወሬ ከማውራት በቀር ምን ይሠራለት ነበር? ጎኗ የተሰነጠቀችውን በንብ ሰም ደፈናት፤ ስትነፋ ትንሽ ታለቅሳለች፣ ግን ትናገራለች። በግድግዳው ላይ እሾህ እየተከለ አንድ በአንድ ሰቀላቸው። ነፋስ በበሩ ሲገባ እርስ በርስ ይነካካሉ። ማታ ተጋድሞ በየተራ ያያቸዋል፤ የትኛዋ ከማን ቤት እንደመጣች፣ የትኛዋ ቀዝቃዛ ትንፋሽ እንደምትጠላ ያውቃል።

ዊያ በሰበሰበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፦ «ይህቺ ዊያ እነማንን ጠርታለች?» ሰዎቹ እየሳቁ ይነግሩታል፣ እሱም ስሙን ከዊያዋ ጋር ይወስዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ የመንደሩን ስም ሁሉ ያዘ፤ የሞቱትን፣ የሄዱትን፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የረሷቸውን ሳይቀር። ካቲጋ የምትባል በጣም ያረጀች ሴት ከቀንድ የተቀረጸችውን የሟች ባሏን ዊያ ስትሰጠው አንድ ስም በጉሮሮዋ አንጎራጉራ ጨመረችለት፦ «እሳት የያዘ እጁን አያሞቅም»።

«ይሄስ የማን ነው እናቴ?»

«የአዱዋ ነዋ። ጠሪ ሆኖ ከኋላ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ማን ይጠራዋል? ባሌና እኔ ነበርን የምናውቀው። አሁን እኔና አንተ ነን።»

በመንደሩ ያለውን ሰው መጥራት የአዱዋ ሥራ ነው፣ በሰው ማሳ አይገባም። ስለዚህ አቻና ሲመሽ ከመንደሩ ኋላ ወዳለው ትልቅ ዓለት እየወጣ የሌሉትን ይጠራ ጀመር። ኩማሲ የቀሩትን፣ አቢጃን የቀሩትን፣ አክራ ገብተው ወሬያቸው የጠፋውን። ፀሐይዋ ስትጠልቅ የእያንዳንዱን ስም ይነፋል፣ ከዚያ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ማንም «ሆይ» አይልም። አንድ የሌሊት ወፍ ያልፋል፣ ከታች ውሻ ይጮኻል። መልስ እንደማይመጣ እያወቀም ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ጥሪ ነፍቶ ሳያዳምጡ መሄድ ነውር መስሎት።

ሁሉንም ጠርቶ ሲጨርስ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ለራሱ ስም አወጣ። በጋውን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሞ «ርቆ የሄደ መንገዱን አልረሳም» የምትለውን መረጠ። ቆንጆ ስም ናት። መጨረሻዋ ላይ ከፍ ትልና እንደሚራመድ ሰው ዝቅ ዝቅ እያለች ትወርዳለች። አንድ ምሽት ዓለቱ ላይ ቆሞ ነፋት። ዜማዋ በማሽላው ላይ ሄዳ ሄዳ ስትጠፋ እንባው መጣ። በማግስቱም ነፋት። በሦስተኛው ቀን ተደፋፍሮ አጉልቶ ነፋት፣ ከመንደሩ ያልሰማ እንዳይኖር።

በቀጣዩ ደቦ ቀድሞ ተሰለፈ። አዱዋ ሰምቶ ይሆናል፣ ተቀብሎት ይሆናል ብሎ። አዱዋ ግን እሱ ጋ ሲደርስ ዊያውን ከአፉ አነሳ፣ ጠረገ፣ ተራመደ። ይህኛዋ ትንፋሽ ከቀድሞዎቹ ትረዝም ነበር።

ከደቦው ሲመለስ ባንሴ ከብስክሌት መጠገኛው ጥላ ስር ሆኖ አየው። ባንሴ ከጎረቤቶቻችን ከቢሳ ጎሳ ነው። ከቢሳ ጋር ለእኛ ስድብ ሰላምታ ነው፤ አያቶቻችን እንዲያ ተስማምተዋል። ያልሰደበህ ቢሳ ወይ ታሟል ወይ ጠልቶሃል።

«አንተ አሽከሬ! ና እስቲ!» አለ ለውዝ እየፈለፈለ። «ዓለት ላይ ወጥቶ ራሱን የሚጠራው እብድ አንተ ነህ አሉ?»

«ለውዝህን ቃም አንተ ሌባ።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! እኔ እንኳ ለውዝ አሳበደኝ ብዬ ራሴን አልጠራም። እናንተ ውሻ በሊታዎች ግን...» የአቻናን ፊት ሲያይ ለውዙን አስቀመጠ። «ስማ። ቀልዴን አይደለም። ሴቶቹ ደንግጠዋል። የማይታወቅ ስም ሲነፋ ጊዜ፣ በሰው አገር የሞተ ሰው መርዶ ነው ብለዋል። ሁለት እናቶች አልቅሰው ነው ያደሩት።»

አቻና የሚቆምበት መሬት ጠፋው። ቤቱ ሲደርስ አዱዋን በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በራፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሽማግሌው ከቤቱ ወጥቶ ሰው ቤት ከመጣ ብዙ ጊዜው ነው።

«ራሱን የወለደ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

«አላየሁም አባቴ።»

«ራሱን የሰየመም የለም። ያ የነፋኸው ነገር ዜማ ነው፤ ስም አይደለም። ስም ሌላው ሰው አንተን አይቶ የሚለው ነው። ተወው።»

«እሺ፣ ማን ይበለኝ ታዲያ?» ድምፁ ሳያስበው ጮኸ። «እኩዮቼ አፈር ውስጥ ናቸው! እኔ ስሞት ዝም ብላችሁ ልትቀብሩኝ ነው? እንደ ባዳ?»

አዱዋ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። «እኔም አላውቅም ልጄ» አለ፤ ቀስ እያለም ሄደ። አቻናን ከስድብ ሁሉ የበለጠ ያቆሰለው ይህ ነበር፤ ሽማግሌው የሚያውቀው መውጫ ቢኖር ይነግረው ነበርና።

በማግስቱ ዊያዎቹን ከግድግዳው አወረደ። እሾሆቹ ባዶአቸውን ቀሩ። ሁሉንም በከረጢት አድርጎ ባንሴ ፊት አስቀመጠ።

«ፖ ስትወርድ ለፈረንጅ ዕቃ ለሚሸጠው ሰውዬ ስጥልኝ። ያወጣውን ያውጣ።»

«ይሄን ሁሉ?»

«ይሄን ሁሉ። አንገቴ ላይ ያለችውንም።» አወለቃትና ከላይ ጣላት። ባንሴ ሳይሳደብ ከረጢቱን ወደ ራሱ ሳበው።

ከዚያ በኋላ አቻና ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ማሳ ሆነ። ሲመሽ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። አፉ ሥራ የፈታ ይመስል ከንፈሩ ይደርቅበታል። ካዌ ገንፎውን ስታመጣ አንድ ሁለት ቀን በሩ ላይ ቆማ ተመለከተችው።

«ጅግሮቼ እንቁላል መጣል ጀመሩ» አለች።

«ጥሩ።»

«ጥሩ አይደለም። ካቲጋ ትናንት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራዋን ይዛ ቆማ ነበር። ምን ትጠብቂያለሽ ብላት ልጄን ሊጠራልኝ ነው አለችኝ። አንተ የአቢጃኑን ልጇን ስም ሳትነፋ እንስራዋን አትጭንም ነበር፤ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ምን ታውቃለህ አንተ! እኛ ሴቶቹ ሁላችን ውኃውን በዚያ ሰዓት የምንቀዳው ለምን ይመስልሃል?» ሳህኑን አስቀምጣ እየተነጫነጨች ሄደች።

አቻና ገንፎውን ሳይነካ አደረ። ለሌሉት የነፋው ላሉት ይደርስ እንደነበር አላወቀም ነበር። አሁን ማወቁ ምን ሊጠቅም? ከረጢቱ ፖ ወርዷል። ስም አልባው ሰው እንደገና ዓለት ላይ ቢወጣ ደግሞ ሰው ሊያስለቅስ ነው።

የካዌ ማሳ የደቦ ተራ ደረሰ። የቤቱ ሰው እሱ ስለሆነ መቅረት አይችልም። በቦታው ተሰለፈ፤ በቀኙ ወፍራሙ «ጉንዳን»፣ በግራው የሹሙ የወንድም ልጅ። አዱዋ ዘንድሮ ደክሟል፤ በሁለት ስም መካከል ቆሞ ያስላል። ባንሴም ከማሳው ዳር ለውዙን ይዞ ሰው ሲሠራ ለማየት ተቀምጧል። ጥሪው ከጫፍ ተነስቶ መጣ። ጉንዳኑ ተጠራ፣ «ሆይ!» አለ። አቻና አንገቱን ደፋና ያችን ትንፋሽ ጠበቀ።

ዊያዋ አላቆመችም። አጭር ስም ነፋች፤ ሁለቴ ከፍ ብላ፣ ከዚያ ቁርጥ። «ዓለቱ ዝም አለ»።

አቻና ሰማት። በዚያች ቅጽበት በጭንቅላቱ የመጣው ነገር ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ ይህቺ ስም የለችኝም፣ አለ። የመንደሩን ስም ሁሉ ለቅሞ ይህቺ እንዴት አመለጠችው? የማን ትሆን? ከደቦው በኋላ አዱዋን እጠይቃለሁ ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

ያችው ስም እንደገና ተነፋች። መልስ የለም። መስመሩ ሥራ አቆመ። ወንዶቹ ሁሉ ወገባቸውን ሳያቃኑ በብብታቸው ስር ወደ እሱ ያያሉ። የሹሙ የወንድም ልጅ በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ የባንሴ ድምፅ ከማሳው ዳር መጣ።

«አንተ ውሻ በሊታ! ሳትጠራ አቤት ስትል ከርመህ፣ ዛሬ ሲጠሩህ ጆሮህን ደፈንክ?»

አቻና ዞረ። አዱዋ ዊያውን ከአፉ ሳያነሳ፣ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነፋው። ያኔ ገባው። ዶማውን ወደ ላይ አነሳ። «ሆይ» ብሎ የጮኸው ጩኸት ከጉሮሮው ተሰንጥቆ ወጣ፤ እንደዚያች በሰም እንደደፈናት ዊያ። ወንዶቹ ተንጫጩ፣ ሳቁ። እሱ ግን ማሽላውን ከአረሙ መለየት አቅቶት፣ ዓይኑ እስኪጠራ ድረስ አንድ ቦታ ይቆፍር ነበር።

«ማን ሰጠኝ?» ብሎ ጠየቀ በእረፍት ሰዓት፣ አዱዋ ጠላውን በቅል ሲጠጣ።

«ሴቶቹ። ወንዝ ዳር ሲያወሩት ሰማሁ፤ ዓለቱ ዝም አለ፣ ዓለቱ ዝም አለ ሲሉ። ከእኩዮችህ ውጪ ስም አይወጣም የሚል ሕግ አለ ወይ ብዬ ሳስብ አደርኩ፤ እኔ ነኝ እንዴ ሕግ አውጪው?» አፉን ጠረገ። «ሐዘን አለበት። አልወደድከው ይሆናል።»

«ወድጄዋለሁ» አለ አቻና። ሐዘን እንዳለበትም ያውቅ ነበር።

ያን ምሽት ባንሴ ከረጢቱን ተሸክሞ መጣ። «ሰውዬው ይነክሳሉ ወይ ብሎ ፈራቸው፣ አልገዛም አለ» ብሎ በሩ ላይ ዘረገፋቸው። ፖ አልወረደም ነበር፤ ከረጢቱ ከለውዙ ስር ከርሞ ዊያዎቹ ሁሉ ለውዝ ለውዝ ይሸታሉ። አቻና አልጠየቀውም። እሾሆቹ ላይ አንድ በአንድ መለሳቸው።

አዱዋ በዚያው በጋ፣ የአቧራው ነፋስ በገባ ሰሞን ሞተ። ካቲጋ ከሞተች ጥቂት ቀን በኋላ ነው። መቃብሩ አፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ አንዱ አንዱን አየ። ሁሉንም ሲጠራ የኖረውን ሰው ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጆቹም አያውቁም። አቻና የቀንዷን ዊያ ከደረቱ አውጥቶ ቀረበና «እሳት የያዘ እጁን አያሞቅም» ብሎ ነፋለት። ልጆቹ የአባታቸውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከሬሳው ጋር ነው። የደቦው ጠሪ ማን እንደሚሆን ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም።

አቻና ብቻ ነበር ነገሩን እስከ መጨረሻው ያሰበው። ጠሪ ራሱን አይጠራም። ያችን የራሱን ስም ስንት ደቦ ሰማት? እፍኝ አትሞላም። ዓለቱ ላይ ተቀምጦ፣ አዱዋ ስንት ዘመን ከሰው ጀርባ ኋላ ብቻውን እንደሄደ አሰበና አለቀሰለት። ለራሱም አለቀሰ፤ ምን ያስዋሻል።

ክረምቱ ገባ። በመጀመሪያው ደቦ ወንዶቹ ተሰለፉ፣ እሱም ከኋላቸው ቆመ። ከጫፍ ጀምሮ ጠራቸው፤ እያንዳንዱ ዶማውን እያነሳ መለሰለት። ጉንዳኑ ጋ ደረሰ፣ ጠራው፣ «ሆይ!» አለ። ከጉንዳኑ ቀጥሎ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር፤ መስመሩ ተጠጋግቶ መዝጋት ሲገባው አልዘጉትም። የእሱ የድሮ ቦታ ነው። አቻና ዊያዋን ከአፉ አነሳ። በመዳፉ ጠረገ፣ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ማሳው ዝም አለ። ከዚያ፣ ዝምታዋን እንደ ስሙ የሰሟት ይመስል፣ ከመስመሩ ዳር እስከ ዳር ዶማዎቹ ሁሉ አብረው ተነሱ።

«ሆይ!»

አቻና ከንፈሩ እስኪረጋ ቆመ። ከዚያ ዊያዋን መልሶ አስጠግቶ ቀጣዩን ሰው ጠራ፤ «ጥላው ደረሰ፣ እሱስ የት ቀረ?»